ታይ ቺ ስትጀምሩ ጉልበታችሁን አደራ

በየካ አባዶም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጠዋት ወጣ ብላችሁ ካያችሁ ስፖርት የሚሠራ ሰው አይጠፋም። የሚሮጠው ይሮጣል፣ ገመድ የሚዘለው ይዘላል፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ታይ ቺ፣ ማለትም ከቻይና የመጣውን በዝግታ የሚሠራ እንቅስቃሴ፣ የሚሞክርም አለ። ደስ ይላል። መሣሪያ አይጠይቅ፣ ገንዘብ አይጠይቅ፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ይሆናል። ግን ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ስለሆነ አይጎዳም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጉልበቱን አሞት የተወ ሰው አለ፤ የሚያሳምመው ነገር ደግሞ በቀላሉ የሚስተካከል ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ክብደት ያረፈበትን እግር ማዞር ነው። በታይ ቺ ብዙውን ጊዜ አንዱ እግር ሸክሙን ይይዛል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። አንድ ጎረቤቴ ኮብልስቶን ላይ፣ ወፍራም የጎማ ሶል ባለው ጫማ ሲሠሩ ቆሜ አየኋቸው። ጫማው ድንጋዩን ነክሶ ይይዛል። ወገባቸው ወደ ግራ ይሄዳል፣ እግራቸው እዚያው ተተክሎ ይቀራል፣ መሃል ላይ ያለው ጉልበታቸው ይጠመዘዛል። «እትዬ፣ መጀመሪያ ክብደቱን ወደ ኋላኛው እግር ይመልሱት፣ የፊተኛው ቀለል ሲል በተረከዝዎ ያዙሩት» አልኳቸው። ሞከሩት። «ውይ፣ ለካ ይሄ ነው ሲያሳምመኝ የከረመው!» አሉ። ሌላም አለ፦ ወደ ፊት ስትራመዱ የጉልበታችሁ አቅጣጫና የእግር ጣታችሁ አቅጣጫ አንድ ይሁን። ጉልበቱ ወደ ውስጥ አይውደቅ፣ ከጣታችሁ ጫፍም አልፎ አይሂድ። ቪዲዮ ላይ ያሉት ቻይናውያን መሬት ሊነኩ እስኪደርሱ ዝቅ የሚሉት ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሠሩት ነው፤ እናንተ ትንሽ ሸብረክ ካላችሁ ይበቃል።

ቦታ መምረጥም ላይ ብዙ ሰው ግድ የለውም። ተዳፋት ላይ፣ ጤዛ ያለበት ሣር ላይ፣ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ዳር አትሥሩ። ከብሎኩ ጀርባ ሁለት እርምጃ የሚያራምድ ደልዳላ ሲሚንቶ ካለ እሱ ይሻላል። ጫማውም ስስና ጠፍጣፋ ይሁን።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ችኮላ ነው። ዛሬ በጣም የታወቀው ባለ 24 እንቅስቃሴ ቅንብር በቻይና መንግሥት የስፖርት ተቋም በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተዘጋጀው ለጀማሪ እንዲቀል ተብሎ ነው። ሙሉውን ለመሥራት ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ሰው በአንድ ሳምንት ልጨርሰው ይላል፣ ቅደም ተከተሉን ይሸመድዳል፣ እግሩ የት እንዳረፈ ግን አያውቅም። ለእኔ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴ በደንብ የሚችል ሰው 24ቱንም ከሚያሯሩጠው ይበልጣል። እጆችን እንደ ደመና እያንሳፈፉ ወደ ጎን የሚራመዱበትን ያዙ። ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲያልፍ በግልጽ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ትንፋሽ መያዝም አለ። ሰው ሲጠነቀቅ ሳይታወቀው ትንፋሹን ይውጣል፣ ትከሻውም ወደ ጆሮው ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ 3,000ን ታልፋላችሁ፤ ትንፋሽ ይዞ መሥራት እዚህ ቶሎ ያደክማል። አየሩ በአፍንጫ ይግባ፣ ሆድ ይነፋ፣ ትከሻ ይውረድ። ከእንቅስቃሴው ጋር አልገጥም ካላችሁ አታስገድዱት፣ እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ሰውነታችሁን ሳታፍታቱ አትጀምሩ።

አሁን ወደ አእምሮና ወደ መንፈስ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዝም ብሎ በልቡ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው። «ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» ይላል። ታይ ቺ በቻይና ሄናን ግዛት በቼን ቤተሰብ መንደር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከውጊያ ጥበብ ጋር ያደገ ነገር ነው። የይንና ያንግ ሐሳብ (ተቃራኒ ኃይሎች ይደጋገፋሉ የሚለው)፣ የዳኦ የሚባለው ጥንታዊ የቻይና ፍልስፍናም አለበት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን እንቅስቃሴውን ለመሥራት ማንንም ማምለክ፣ ምንም መድገም አይጠበቅባችሁም። ጸሎታችሁን ጸልዩ፣ ሶላታችሁን ስገዱ፣ ከዚያ ታይ ቺውን ለብቻው ሥሩ። ልባችሁ ካልፈቀደ ደግሞ የንስሐ አባታችሁን ወይም የምታምኑትን የሃይማኖት መምህር አማክሩ። በእኔ እይታ መንፈስን የሚበትነው ስልኩ ነው። መልእክት በገባ ቁጥር ዓይኑ የሚሄድ ሰው እጁን ቢያንቀሳቅስም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ስልኩን ቤት አስቀምጡት። ሐሳብ ሲመጣ አትታገሉት፣ የእግራችሁን መዳፍ አስቡ፤ ሸክሙ የትኛው ላይ ነው? ይህን እየተከታተላችሁ ስለ ቤት ኪራይ መጨነቅ ያቅታችኋል።

መድኃኒት ማቆም ግን ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ቀለል ሲለው ድኛለሁ ብሎ ይተዋል። ታይ ቺ ይጠቅማል፣ ይህ እውነት ነው። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን (እጅ እግር የሚያንቀጠቅጥ፣ ሚዛን የሚያሳጣ የነርቭ በሽታ) ሕሙማንን ለ24 ሳምንት ተከታትሎ፣ ታይ ቺ የሠሩት ሚዛናቸው ከሌሎቹ የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። ያ ጥናት ግን መድኃኒት ጣሉ አላለም። ጉልበታችሁ ያበጠ ወይም በቅርብ ቀዶ ጥገና የተሠራላችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

እሑድ እሑድ ብቻ ሁለት ሰዓት መሥራትም አያዋጣም። በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ማቆምም እንዲሁ። ጭቃው አያስወጣም፣ ዝናቡም ከሰዓት ይጠብቃል፣ እሺ። ግን ሶፋውን ገፋ ብታደርጉት የስቱዲዮ ቤትም ይበቃል። ምንጣፉን አንሱት እንጂ፣ እግር ይይዛል።