ጢስ አባይ ለመሄድ ያሰባችሁ ይቺን አንብቡ

መጀመሪያ ወሩን አስተካክሉ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ካልሆነ ብዙው ውሃ ለመብራት ማመንጫው ስለሚሄድ በበጋ የምታዩት ገደሉን ነው። ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠዋት ውጡ፣ ወደ ማታ የመመለሻ መኪና ያስቸግራል። ትኬት ጢስ አባይ ከተማ ላይ ቁረጡ።

ከዛ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሰራው የድንጋይ ድልድይ ጋ ትደርሳላችሁ፣ እዚህ እንዳትቸኩሉ፣ መሀሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ያ ሰፊው አባይ ጠባብ ጥቁር አለት ውስጥ ተጨናንቆ እየተገፋፋ ሲያልፍ ታያላችሁ፣ እኔ እንደውም ከፏፏቴው እሱን እመርጣለሁ። ቀጥሎ ዳገት ነው፣ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይመጣል፣ ስሩ ድረስ መጠጋት የፈለገ ተንጠልጣዩን ድልድይ ይሻገራል (ይወዛወዛል ግን ምንም አይል)።

ክረምት ላይ ጭቃው ጉድ ነው፣ ሰንደል ምናምን እርሱት። ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ ክተቱ፣ ጢሱ ያበሰብሳል። አስጎብኚ ከያዛችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስትመለሱ ዳገቱን ድጋሚ ላለመውጣት ከፏፏቴው በላይ በጀልባ መሻገር ይቻላል፣ ወንዙ በጣም ሲሞላ ግን ላይሰራ ስለሚችል ከመውረዳችሁ በፊት ጠይቁ።