የአዲስ መንደር ፍሳሽ ሲገመገም የከርሰ ምድር ውሃን የሚያስረሱ ስህተቶች

ለአዲስ የመኖሪያ መንደር የፍሳሽ አወጋገድ ሰነድ ቀርቦ ሲገመገም፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በሴፕቲክ ታንኩ (የቤት ፍሳሽ ገብቶ ዝቃጩ በሚቀርበት የተቀበረ ታንክ) ላይ ነው፤ ስፋቱ፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የክዳኑ ቦታ። መታየቱ ተገቢ ነው። ከታንኩ የወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድና በመንገዱ ላይ የማን የመጠጥ ውሃ እንዳለ ሳይጠየቅ ግን ግምገማው ተሠርቷል ለማለት ይከብዳል። ቀጥለው ያሉትን ስህተቶች ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን አልሚውም ጎረቤቱም ሊያውቃቸው ይገባል።

አፈሩን በደረቅ ወቅት ብቻ መፈተሽ

የስርገት ሙከራ ቀላል ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ይሞላና ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ይለካል። በደረቅ ወቅት የሚገኘው ውጤት ያማረ ነው። ዝናቡ ሲጠና ግን የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ማስረጊያው (ከታንኩ የወጣው ፍሳሽ ወደ አፈር የሚሰርግበት ቦታ) ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ፍሳሹ ጀርሞቹ የሚጣሩበት ያልረጠበ አፈር ሳያገኝ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ብዙ ደንቦች በማስረጊያው ወለልና ውሃው በሚደርስበት ከፍተኛ ደረጃ መካከል ከ0.6 እስከ 1.2 ሜትር ያልረጠበ አፈር እንዲኖር የሚጠይቁት ለዚሁ ነው።

ዝናቡን መጠበቅ ባይቻል እንኳ ምልክቱ አፈሩ ላይ አለ። ሁለት ሜትር ያህል ቆፍሮ የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው። ከላይ እስከ ታች ወጥ ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚያገኝ አፈር ነው። ግራጫ መደብ ላይ የዝገት መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ ግን፣ ውሃ እዚያ ከፍታ ድረስ እየመጣ እንደሚተኛ ያመለክታል፤ ውሃው ሲተኛ የሚሟሟው ብረት ውሃው ሲሸሽ መልሶ ይዝጋል። የዚህ ጉድጓድ ፎቶና ልኬት በሰነዱ ውስጥ ከሌለ ይጠየቅ።

ፈጥኖ መስረግን እንደ መልካም ውጤት መቁጠር

ሸክላ አፈር ፍሳሹን ወደ ላይ እንደሚመልስ የማያውቅ የለም። የሚረሳው ተቃራኒው ነው፤ ጠጠራማ አሸዋና የተሰነጠቀ አለት ፍሳሹን ሳያጣሩ ያወርዱታል። ስንጥቅና ዋሻ በበዛበት የኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሜትር ሊሄድ ስለሚችል፣ «ከውሃ ጉድጓዱ 30 ሜትር ርቀናል» ማለት እዚያ ዋስትና አይሆንም። በ2000 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ዎከርተን ከተማ የከብት ፍግ ከከባድ ዝናብ በኋላ ጥልቀት ወደሌለው የከተማው ጉድጓድ ገብቶ 7 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ2,300 በላይ ታመዋል። ምንጩ የቤት ፍሳሽ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ያው ነው፣ ስስ አፈርና ስንጥቅ አለት። የውሃው ፍሰት አቅጣጫም በግምት አይታወቅም። ለማወቅ የውሃው ከፍታ የሚለካባቸው፣ በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ።

ቤት በቤት እያዩ ድምሩን መተው

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ታንክ ደንቡን አሟልቶ፣ ሲደመሩ ግን ውሃውን ሊያበላሹት ይችላሉ። አፈር ብዙውን ጀርም ይይዛል፤ በፍሳሹ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን የሚፈጠረውን ናይትሬት ግን እምብዛም አይይዝም።

በ10 ሄክታር ላይ 100 ቤት፣ በየቤቱ 5 ሰው ይኑር እንበል። የአንድ ሰው ፍሳሽ በዓመት ወደ 4 ኪሎ ናይትሮጅን ስለሚይዝ ድምሩ 2,000 ኪሎ ነው። በነፍስ ወከፍ በቀን 100 ሊትር ፍሳሽ ቢወጣ በዓመት 18,250 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዝናቡ 200 ሚሊሜትሩ ሰርጎ ይገባል ካልን 20,000 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ይጨመርበታል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሊትር 52 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ግማሹ በመንገድ ይጥፋ፤ 26 ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ሲሆን፣ በናይትሮጅን ሲቆጠር 11 ገደማ ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች ያምታታ ሰነድ ከእጥፍ በላይ የተበከለን ውሃ «ከወሰን በታች» ብሎ ያሳልፋል። በእንዲህ ያለ ውሃ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥላቸው ጨቅላዎች ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊዳከም ይችላል። ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ሲተን የቀረው ናይትሬት ይበረታል።

ፕሮጀክቱ በምዕራፍ ተከፋፍሎ ሲቀርብም ስሌቱ ለመጨረሻው የቤት ቁጥር ይሠራ። ለ30 ቤት ብቻ ተሰልቶ የጸደቀ ሰነድ 100 ቤት ከቆመ በኋላ ለማንም አይጠቅምም።

ነባሮቹን የውሃ ጉድጓዶች አለመቁጠር

በመዝገብ የሌሉ የእጅ ጉድጓዶችና ምንጮች በየቦታው አሉ። ነዋሪውን በየቤቱ ጠይቆ ካርታ ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ቁፋሮው ሳይጀመር ናሙና ወስዶ ናይትሬትና ኢ. ኮላይ (በሰገራ መበከልን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ማስመርመር ያስፈልጋል። መነሻ ውጤት ከሌለ በኋላ ብክለት ቢታይ «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚለውን ክርክር የሚፈታ ነገር አይኖርም።

ታንኩ ከተቀበረ በኋላ ያለውን ኃላፊነት ለማንም አለመስጠት

የታንኩ ዝቃጭ በየ3 እስከ 5 ዓመት ካልተመጠጠ ወደ ማስረጊያው እየወጣ አፈሩን ይደፍነዋል። ስለዚህ ፈቃዱ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ አልሚው ቤቶቹን ሸጦ ሲወጣ ሥራውን የሚረከበው አካል፣ ወጪው የሚሸፈንበት ገንዘብ፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና የሚገባበት መንገድ፣ ዝቃጩ የሚራገፍበት ቦታ። ማስረጊያው ቢደፈን የሚተካው ትርፍ መሬትም በንድፉ ላይ ታጥሮ ይቀመጥ፤ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ከተጠቀጠቀ አፈሩ ውሃ አያሰርግም።