አኩሪ አተር ላይ ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት

ፓዌ፣ ጃዊ፣ አሶሳ ወይም ጨዋቃ አካባቢ አኩሪ አተር የምትዘሩ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ እሰማለሁ፦ «ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ምን ልርጭ?» መጀመሪያ ማሳው ውስጥ ግቡ። ከዳር ቆሞ ማየት አይበቃም፣ ምክንያቱም ክፉው በሽታ የሚጀምረው ከታች፣ ከላይኛው ቅጠል ጥላ ሥር ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ጠዋት ውጡ። ማሳውን ሰያፍ እያቋረጣችሁ አምስት ስድስት ቦታ ቁሙና የታችኛውን ቅጠል እየገለበጣችሁ እዩ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ በጣም ይጠቅማል፤ በ60 ሳንቲ ሜትር መስመር ከዘራችሁ በሁለቱ መስመር መሃል ይነጠፋል፣ ከግራና ከቀኝ ያለውን ተክል ጆንያው ላይ ታራግፋላችሁ፣ የወደቀውን ትል መቁጠር ነው።

ቀዳዳ አይታችሁ አትደንግጡ። አኩሪ አተር ከአበባ በፊት ከቅጠሉ ሲሶው ቢበላበት እንኳ መልሶ ያቆጠቁጣል። ካበበ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአበባ ጀምሮ ፍሬው እስኪሞላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቅጠል ከተበላ፣ ትሉም አሁንም ማሳው ውስጥ ካለ፣ ያኔ መርጨት ያዋጣል። ትሉ ሄዶ ቀዳዳው ብቻ ከቀረ የምትረጩት ገንዘባችሁን ነው።

የጓይ ትል ለብቻው መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ቅጠል በልቶ አይበቃውም፣ ቆባውን ቀዶ ፍሬውን ይበላል። ቆባ ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ትንሽ ሳለ ነው የሚሸነፈው፤ ከቆባው ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ አያገኘውም። ስትነካ የምትሸተውንም አረንጓዴ ነፍሳት አትናቋት። ቆባውን ከውጭ ወግታ ነው የምትመጠው፣ ቀዳዳ ስለማትተው ጉዳቱ የሚታወቀው አውድማ ላይ ፍሬው ተጨማዶ ሲወጣ ነው።

ክሽክሽ፣ ማለትም የተክሉን ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ስታዩ ቶሎ መርጫ አታንሱ። መጀመሪያ ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ መኖሯን እዩ፣ እሷ ክሽክሽ ነው የምትበላው። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ከረጫችሁ እሷ ታልቃለች፣ ክሽክሹ ግን ተመልሶ ይበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ዋግ። የስንዴ ዋግ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ፈንገሱ ሌላ ቢሆንም። ከታችኛው ቅጠል ጀርባ ቡናማ፣ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል። በነጭ ጨርቅ ወይም በጣታችሁ አሹት፤ ዱቄት ከለቀቀ ዋግ ነው። ዱቄት ከሌለው በባክቴሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት አይነካውም። ዓይናችሁ ካልለየ በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ አንሱና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳዩ። ዋግ በነፋስ ነው የሚመጣው፣ በዘር አይተላለፍም። ቅጠሉ ለስድስት ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከዋለ ወይም ካደረ ይይዘዋል፣ ከዚያ በ10 ቀን አካባቢ አዲስ ዱቄት ይዘራል፣ ሰኔ አጋማሽ የተዘራው አኩሪ አተር የሚያብበው ደግሞ ዝናቡ በሚጠናበት በነሐሴ ስለሆነ በሽታው የሚፈልገው ሁሉ ይሟላለታል። ሲመቸው እስከ 80 በመቶ ምርት የጠፋባቸው አገሮች አሉ። ስለዚህ በአበባ ወቅት የመጀመሪያውን ምልክት ካያችሁ አትጠብቁ፣ ለአኩሪ አተር የተፈቀደ የፈንገስ መድኃኒት ይረጭ። ውሃ አትቆጥቡ፣ መድኃኒቱ የታችኛው ቅጠል ድረስ መውረድ አለበት። ፍሬው ሞልቶ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን መርጨት ዋጋ የለውም። ቦሎቄና የርግብ አተርም ይህን ዋግ ይይዛሉ፣ አጠገባችሁ ካሉ እነሱንም እዩ።

ቢጫ የሆነ ሁሉ በሽታ አይደለም። ተክሉን በአካፋ ቀስ ብላችሁ አውጡና ሥሩ ላይ ያለውን እብጠት ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ከአየር ናይትሮጅን እየሠራ ነው። እብጠቱ ከሌለ ወይም ውስጡ ነጭ ከሆነ ተክሉ ተርቧል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዘሩን በፈንገስ መድኃኒት ያሽና እዚያው ላይ ባዮ ማዳበሪያ፣ ማለትም እብጠቱን የሚሠራውን ባክቴሪያ የያዘውን፣ ይጨምርበታል። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ሊገድለው ይችላል።

ቅጠሉ ተጨማዶ ዝንጉርጉር ከሆነ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ አውጡት፣ ከዚያ ማሳ ደግሞ ለዘር አታስቀሩ፣ ይኼኛው በዘር ይተላለፋል። በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው መሬት ላይ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ይግባ። አኩሪ አተር በአኩሪ አተር ላይ መደጋገም በአፈርና በገለባ ላይ የሚከርመውን በሽታ መቀለብ ነው።

መድኃኒት ስትገዙ በውሃ ላስቲክ ተቀንሶ የሚሸጥ አትንኩ። አንድ ዓመት ከገበያ እንዲህ ያለውን ገዝቼ ረጨሁ፣ ትሉ ምንም አልሆነም፣ ቅጠሉ ግን ተቃጠለ። ያ ማሳ እስካሁን ይቆጨኛል። የታሸገ፣ መለያው የሚነበብ፣ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። የፀረ ነፍሳት መድኃኒት ንቦች ወደ ቀፏቸው ሲመለሱ፣ አመሻሽ ላይ ርጩ፤ መተከል የማር አገር ነው፣ የጎረቤታችሁን ቀፎ አስቡ። ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። መርጫውን ወንዝ ውስጥ አትጠቡ፣ ባዶውን ዕቃ ብሱት እንጂ ለውሃ መቅጃ ቤት አታስገቡት፣ ልጆች አሉ።

ለምስጥ ደግሞ አጨዳ አታዘግዩ። የታጨደውን መሬት ላይ ከመከመር ይልቅ ከሥሩ እንጨት ደርድራችሁ ከፍ አድርጉት፣ በየሁለት ቀኑም ሥሩን እዩ።