እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ያለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሠራ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በአነስተኛ ጨለማ ክፍል ውስጥ የብር ኢመልሽን አዘጋጅቶ በመስታወት ወይም በፊልም ላይ ለሚያለብስ ሰው የተዘጋጀ ነው። ኢመልሽን ማለት በጄላቲን (ከከብት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር) ውስጥ የተበተኑ የብር ብሮማይድ ክሪስታሎች ማለት ሲሆን፣ በተራ ፊልም ላይ የአንዱ ክሪስታል ወርድ አንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ገብርኤል ሊፕማን የ1908 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ባስገኘለት የቀለም ፎቶግራፍ ሥራው የተጠቀመበት ዓይነት ኢመልሽን ግን ከ0.1 ማይክሮን ያነሱ ክሪስታሎች አሉት። የብራና ጽሑፍንና የሐረግን ቀጫጭን መስመር ሳያደበዝዝ ለመያዝ የሚፈለገውም ወደዚህ የቀረበው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስሕተቱ የሚፈጠርበትና የሚታይበት ሰዓት እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ፣ የሚታየውን ጉድለት በታየበት ቦታ ብቻ ለማረም መሞከር ብር ማባከን ነው።

ኢመልሽኑ እንደ ወተት ከነጣ

በደንብ የተሠራ ደቃቅ ኢመልሽን በመስታወት ላይ በስሱ ሲለብስ ከኋላው ያለ ጽሑፍ ያስነብባል። ለማጣራት አንድ ጠብታ በንጹሕ መስታወት ላይ አድርጎ ከጨለማ ክፍሉ ማውጣትና ወደ አምፖል አቅንቶ ማየት ይበቃል። ብርሃኑ በጠብታው ውስጥ አልፎ ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ከታየ ቅንጣቱ ደቃቅ ነው፤ ወደ ግራጫና ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን አድጓል፤ ያደገውንም መመለስ አይቻልም።

መንስኤው ትንንሾቹ ክሪስታሎች ከትልልቆቹ ይልቅ በቀላሉ መሟሟታቸው ነው። የሟሟው ብር ተመልሶ በትልልቆቹ ላይ ስለሚደረብ ትንሹ እየጠፋ ትልቁ እየፋፋ ይሄዳል። ይህን የሚያፋጥኑት ሙቀት፣ የፖታሲየም ብሮማይድ ትርፍና አሞኒያ ሲሆኑ፣ የሚገታው ደግሞ ክሪስታሉን የሚሸፍነው ጄላቲን ነው። ስለዚህ ጄላቲኑ ብር ከመግባቱ በፊት በቂ መሆን አለበት፤ ሙቀቱም ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይጠበቅ። ብር ናይትሬቱና ብሮማይዱም በሁለት ሲሪንጅ በአንድ ጊዜና በእኩል ፍጥነት፣ በኃይል በሚማሰለው ጄላቲን ውስጥ ይግቡ። ፋብሪካዎች ይህንኑ የሚያደርጉት የብር አዮኑን መጠን ያለማቋረጥ በሚለካ ኤሌክትሮድ እየተመሩ ነው፤ በእጅ ለሚሠራ ሰው ያለው መተማመኛ ሁለቱን ፈሳሽ በትክክል መመጠንና እጅን አለማወላወል ነው።

የአካባቢያችን ብርድ እዚህ ላይ ሁለት ገጽታ አለው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ጄላቲኑ በዕቃው ዳር ላይ ይረጋና ብሩ እኩል አይበተንም፤ ስለዚህ ዕቃው በሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚጨመሩት ፈሳሾችም በተመሳሳይ ሙቀት ላይ ይሁኑ። በአንጻሩ መቀላቀሉ ሲያበቃ እድገቱን የሚያቆመው ፈጥኖ ማርጋት በመሆኑ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ሆኖም ውርጭ ወደሚመታው ደጅ አውጥቶ ማሳደር አይገባም፤ በረዶ ከሠራ የጄላቲኑ አካል ይሰነጣጠቃል።

ብር ናይትሬቱን በቧንቧ ውሃ ማሟሟት ሌላው የመንጣት ምክንያት ነው፤ በውሃው ያለው ክሎራይድ ወዲያውኑ ስለሚያደፈርሰው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ። ብር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይንን ይጎዳል፤ ያለ ጓንትና መነጽር አይነካ።

ሲደርቅ የጨው አበባ ከወጣበት

ይህ ብር ናይትሬቱና ፖታሲየም ብሮማይዱ ሲዋሐዱ የሚተርፈው ጨው፣ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ታጥቦ አለመውጣቱን ያሳያል። የረጋውን ኢመልሽን ቆራርጦ፣ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ፣ በቀዘቀዘ ዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ውሃው ለብ ካለ ጄላቲኑ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ሲለብስም ከሚፈለገው በላይ ይቀጥናል።

ብርሃን ሳያይ ከጠቆረ

አንድ መስታወት ካሜራ ውስጥ ሳይገባ በዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) ይታጠብ። ከጠቆረ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቅልቅሉ ውስጥ ከብሮማይዱ የበለጠ ብር መኖሩ ሲሆን፣ ቀጥሎ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ለሥራ የሚበራው ቀይ አምፖል ቅርበት፣ ከዚያም አየሩ ነው። በማጀት ወይም በበረት አጠገብ የተሠራ ጨለማ ክፍል የፍግ ጋዝ ያገኘዋል፤ በዚያ ውስጥ ያለው የሰልፈር ጋዝ ብርን ያጠቁራል። የኩበት ጢስም ጥቀርሻውን ይዞ ይገባል። ክፍሉን ከእነዚህ ማራቅ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ብርሃን አልቀበል ካለ

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ግን አብዛኛው ጉዳይ ጉድለት አይደለም። የክሪስታሉ ወርድ በግማሽ ሲቀንስ የገጹ ስፋት ወደ ሩብ፣ ይዘቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አንድ ክሪስታል እንዲታጠብ ደግሞ ብርሃኑ ጥቂት የብር አተሞችን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ አለበት፤ ትንሹ ክሪስታል ትንሽ ብርሃን ስለሚይዝ ለዚያ ረዥም ጊዜ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ጠንካራ የካሜራ መቆሚያና የማይንቀሳቀስ የሚነሣ ነገር እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም፤ ብራና ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ከዓይነቱ ከሚጠበቀው በታች ከዘገየ ግን ጄላቲኑን ይመርምሩ። በ1925 እ.ኤ.አ. የኮዳክ ተመራማሪ ሳሙኤል ሼፐርድ አንዳንድ ጄላቲን ፊልምን የሚያፈጥነው፣ ከብቶቹ ከሚበሉት ሰናፍጭና መሰል ተክል የመጣ ጥቂት የሰልፈር ውህድ ስላለበት መሆኑን አሳየ። በጣም የተጣራ ጄላቲን ይህ የለውም፤ ስለዚህ በሚሊግራም የሚለካ ሶዲየም ታዮሰልፌት ጨምሮ በሙቅ መዘፍዘፊያ ማቆየት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ክሪስታሉን መልሶ ሊያሳድገው ስለሚችል በየጊዜው የጠብታውን ቀለም መፈተሽ ግድ ነው።

ቀይና ጥቁር ቀለም ካልተለየ

በብራና ላይ በቀይ የተጻፉ ቅዱሳት ስሞች ከጥቁሩ ጋር አንድ ሆነው ከወጡና ብራናው ራሱ ከጠቆረ፣ ያልተቀለመ ኢመልሽን የሚያየው ሰማያዊና ከሐምራዊ በላይ ያለውን ብርሃን ብቻ ስለሆነ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፎገል በ1873 እ.ኤ.አ. በኢመልሽኑ ውስጥ ማቅለሚያ ቀለም ጨምሮ ይህን ማስፋት እንደሚቻል አገኘ። ኤሪትሮሲን የተባለው ማቅለሚያ እስከ አረንጓዴ ያደርሳል፤ ብራናውን ያነጣል፣ ቀዩን ግን አይለይም። ቀዩን ለመለየት ቀይ ብርሃንን የሚያይ ማቅለሚያ ያስፈልጋል፤ ያኔ ቀዩ አምፖል ጠፍቶ ሁሉም በፍጹም ጨለማ ይሠራል። እዚህ ላይ ደቃቅነት የራሱን ችግር ያመጣል፦ በተመሳሳይ የብር ክብደት ወርዱ በግማሽ ሲቀንስ የክሪስታሎቹ ጠቅላላ ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ማቅለሚያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሲያንስ ፊልሙ የተፈለገውን የብርሃን ቀለም አያይም፤ ሲበዛ ጄላቲኑን ያቆሽሻል፣ ፍጥነቱንም ይገድላል። ከጥቂት እየጀመሩ በተከታታይ መስታወቶች ላይ መፈተን እንጂ መገመት አያዋጣም።

ጥቁሩ ጠቁሮ ነጩ ነጥቶ መሐሉ ከጠፋ

ክሪስታሎቹ እኩል በመሆናቸው በአንድ መጠን ብርሃን ሁሉም አብረው ይነሣሉ። ለጽሑፍ ይህ ጥቅም ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም የተከናወነው እንዲህ ባለ ደቃቅ ፊልም ነው። ለሰው ፊት ግን አይሆንም፤ በእጅጉ የቀጠነ ዴቨሎፐር ይጠቀሙ።

ነጠብጣብ፣ አረፋና መላጥ

ጥርት ያሉ ቀዳዳዎች የአቧራ ናቸው፤ በበጋ ንፋስ ወቅት ክፍሉን በእርጥብ ጨርቅ አጽድተው፣ ኢመልሽኑን አጣርተው ያልብሱ። አረፋ ከታየ ሳይማሰል በሙቅ መዘፍዘፊያ አሳርፈው፣ ጥቂት ንጹሕ አልኮል ይጨምሩ። ከመስታወቱ የሚላጥ ከሆነ መስታወቱ ቅባት አለበት ወይም ማጠንከሪያ የለውም፤ አስቀድሞ በክሮም አሉም የጠነከረ ስስ ጄላቲን ይልበስ፤ የማጠቢያዎቹ ሙቀትም አይለያይ። በፊልም ጥቅል ላይ ቅርንጫፍ ያለው የመብረቅ ቅርጽ ከወጣ፣ በደረቅ አየር ሲጠቀለል የፈጠረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቀስ ብሎ መጠቅለልና አየሩን በውሃ ትነት ማርጠብ ያስቀረዋል።

በካሜራ የተነሣው ምስል ሳይታጠብ ሲቆይ ከሳሳ ጥፋቱ የኢመልሽኑ ዝግጅት አይደለም። በደቃቅ ቅንጣት ላይ የተያዘው ድብቅ ምስል ቶሎ ይዳከማል፤ የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ እንኳ ፓን ኤፍ ፕላስ የተባለው ፊልሙ ከተነሣ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ እንዲታጠብ ይመክራል። በቤት የተሠራው በተነሣበት ዕለት ይታጠብ።