ከዊንተር በኋላ ካምፐሩ አልበራ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሚኒሶታና አካባቢዋ ካምፐር (ለሽርሽር የሚያገለግል ተሽከርካሪ ቤት) ያለው ሰው ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ያቆመዋል፣ ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ይከፍተዋል። በመሃል ያለው ብርድ ቀልድ አያውቅም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበረች። ቧንቧ እንዳይፈነዳ ሁሉም ይጠነቀቃል። ውሃውን ያፈሳል፣ በረዶ የማይሆነውን ሮዝ ፈሳሽ (አንቱፍሪዝ) ይሞላል። ባትሪው፣ ቲቪውና ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳው ላፕቶፕ ግን እዚያው ይከርማሉ።

ብርዱ ብቻውን ዕቃ የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጥፋት የሚያደርሱት ባዶውን የቆየ ባትሪና አየሩ ሲሞቅ የሚመጣው እርጥበት ናቸው። ስለዚህ በሩን ስትከፍቱ ማብሪያ ለመንካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሽትቱ፤ የጋዝ ሽታ ካለ ምንም ሳታበሩ ውጡ። ሽታ ከሌለ ዙሪያውን አይታችሁ ባትሪውን በቴስተር ለኩ።

ምንም አይበራም

መደበኛው የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12 ቮልት ካሳየ ሊያልቅ ነው። ከ10.5 በታች ከሆነ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ተቀምጧል ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ሁሉንም አጥፍቼ ነው የሄድኩት» ይላል። እውነቱን ነው፣ ግን ካምፐር ውስጥ የማይጠፉ ነገሮች አሉ። ዋናው የጋዝ አላርሙ ነው። በአንዳንድ ካምፐሮች ከማቋረጫው ስዊች በፊት በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለሚገናኝ ስዊቹ ቢጠፋም እሱ ይሠራል። የሬዲዮው ሰዓትም እንደዚያው። ሂሳቡ ቀላል ነው። 70 ሚሊአምፔር ብቻ የሚስብ ዕቃ በቀን 1.7 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበላል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሁለት ወር ያልቃል። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ከቆመ ጃንዋሪ ሲገባ፣ ብርዱ ሊከፋ ሲል፣ ባዶ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሙሉ የአሲድ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ አይቀዘቅዝም፤ ውስጡ ያለው አሲድ ይጠብቀዋል። ባዶ ባትሪ ግን ፈሳሹ ወደ ውሃ ስለሚጠጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ በረዶ ይሆናል። በረዶው ሲሰፋ ሳህኖቹን ያጣምማል፣ ቀፎውን ይሰነጥቃል።

ጎኑ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሩ። በረዶ የሆነ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ሻጩ መልሱት፤ አዲስ ስትገዙ ለአሮጌው የሚታሰብ ገንዘብ አለ። ቀፎው ደህና ከሆነ አየር በሚገባበት ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩት። ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ በዝግታ ሙሉት፣ ካቦውን (ገመዱን) አውጥታችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉትና እንደገና ለኩ። ወዲያው ከወረደ አልቆለታል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች በነጻ ይፈትሹላችኋል።

ለሚቀጥለው ዓመት፣ ካምፐሩን ስታቆሙ ባትሪውን ሙሉት። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ንቀሉና ወደ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውሰዱት። ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ይሞታል የሚባለው ለአሁኖቹ የፕላስቲክ ቀፎዎች አይሠራም። በየወሩ አንዴ ለኩትና ከ12.4 በታች ሲወርድ ሙሉት። ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ካላችሁ ደግሞ እሱ ይጠብቀው። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ፤ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ግን ካሰርኩት በኋላ ምንም የለም

ይሄ የኤፕሪል ክላሲክ ነው። መኪና ላይ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ እጃችን በልምድ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ያስራል። ብዙ ካምፐሮች ላይ ግን በ12 ቮልቱ መስመር ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ ሲታሰር የቻርጀሩ ሳጥን ላይ ያሉት መከላከያ ፊውዞች ይቃጠላሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ናቸው፣ 30 ወይም 40 አምፔር።

መጀመሪያ ካቦውን አውጡ። ከሻሲው ብረት ጋር የታሰረው የትኛው እንደሆነ ተከትላችሁ እዩ፤ ኔጌቲቩ እሱ ነው። ከዚያ ፊውዞቹን በተመሳሳይ አምፔር ቀይሩ። ትልቅ ፊውዝ ተገኘ ብሎ መክተት እሳት መጥራት ነው። ስትነቅሉ በስልክ ፎቶ ብታነሱ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

የሊቲየም ባትሪው ዜሮ ያሳያል፣ ወይም ቻርጅ አልቀበልም ይላል

ዜሮ ስላሳየ ብቻ ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቮልቱ ሲወርድ ወይም ብርዱ ሲበዛ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ክፍል ውስጥ አስገቡት፣ እስከ ውስጡ ይሙቅ፣ ከዚያ ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር ቀስቅሱት።

እዚህ ላይ ጥብቅ የሆነ ነገር አለ። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ አይደረግም። ከተደረገ ሊቲየሙ በብረት መልክ ውስጡ ይለጠፋል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ጣሪያው ላይ ሶላር ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። በፌብሩዋሪ ፀሐያማ ቀን ባትሪው ከዜሮ በታች ሆኖ ሳለ ሶላሩ ቻርጅ ያደርገዋል። ጥሩ ባትሪ ራሱን ይከላከላል፣ ርካሹን ግን አላምነውም። ስታቆሙ ሶላሩንም አቋርጡ።

አቀማመጡም ከአሲዱ ይለያል። ሊቲየም ሙሉ ሆኖ መክረም አያስፈልገውም፤ ግማሽ አካባቢ ይበቃዋል። ላፕቶፕ፣ ታብሌትና ካሜራም እንደዚያው። እነዚህንማ ካምፐር ውስጥ መተው ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። በአንድ ቦርሳ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው።

ካምፐር ውስጥ ደህና ነበር፣ ቤት ካስገባሁት በኋላ ሞተ

ብዙ ዕቃ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ከዜሮ በታች የነበረ ላፕቶፕ ሳሎን ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ወጥ ተጥዷል፣ ቡና እየፈላ ነው፣ የቤቱ አየር በእንፋሎት ተሞልቷል። መነጽር ያደረገ ሰው ከውጭ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ያው ነገር ላፕቶፑ ውስጥ፣ ቦርዱ ላይ ይሆናል። ከላይ ደረቅ ስለሚመስል ሰውየው ያበራዋል። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

መከላከያው ነጻ ነው። ዕቃውን እዚያው ካምፐሩ ውስጥ፣ በብርዱ፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቡና አየሩን አስወጥታችሁ አፉን እሰሩ። እንደታሰረ ቤት አስገቡት። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ያርፋል፣ ዕቃው ደረቅ ይሆናል። እስኪሞቅ አትክፈቱት። ለትንሽ ዕቃ ጥቂት ሰዓት ይበቃል፣ ቲቪ ከሆነ ግን ይደር።

ከረጢቱ ተረስቶ ዕቃው ከራሰ አታብሩት፣ ቻርጀርም አትሰኩ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሙቀት የሌለው ፋን አዙሩበትና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት። ዱቄቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ውሃውን ደግሞ ከፋኑ በላይ አይስብም።

የካምፐሩን ውስጥ ለማድረቅ ጭስ ማውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያ የሚያበሩም አሉ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል አንድ ኪሎ ተኩል የሚያልፍ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አደርቃለሁ ብሎ ማራስ ማለት ነው። የካርቦን ሞኖክሳይዱ አደጋ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው የካምፐሩ የራሱ ማሞቂያ ግን ችግር የለበትም። እርጥበት የሚስበው የካልሲየም ክሎራይድ ባልዲም ከኤሌክትሮኒክስ ይራቅ፤ የሚጠራቀመው ጨዋማ ፈሳሽ ቢደፋ ብረቱን ይበላዋል።

ቲቪው ምስሉን ይጎትታል፣ ጥግ ጥጉ ጠቁሯል

በብርድ የስክሪኑ ፈሳሽ ይወፍራል፣ ስለዚህ ምስሉ ይንቀራፈፋል። አጥፉት። ክፍሉ ሙሉ ቀን ከሞቀ በኋላ ሞክሩት፣ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። ጥቁሩ ካልለቀቀ ስክሪኑ ተጎድቷል፤ ማሠሪያው ከአዲስ ዋጋ ስለማይተናነስ አትድከሙ። የብዙ ቲቪዎች መመሪያ ለማስቀመጫ የሚፈቅደው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ነው፤ የዚህ አገር ጃንዋሪ ከዚያ ይወርዳል። ከግድግዳው ማውረድ ከቻላችሁ ቤት ውሰዱት፣ በቁሙ አስቀምጡት።

የጋዝ አላርሙ ጢጥ ጢጥ ይላል

በየጊዜው አንድ ጢጥ ካለ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ አላርሙ ዕድሜውን ጨርሷል። መጀመሪያ ባትሪውን ሙሉ። ካልተወ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ ብዙዎቹ የሚያገለግሉት 5 ዓመት ነው። ካለፈ ቀይሩት። ጩኸቱ ሰልችቷችሁ ሽቦውን ቆርጣችሁ እንዳትተኙ። ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ሲሊንደሩ ይዘጋ።

ሪሞቱና ባትሪ መብራቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ

አልካላይን ድንጋይ ፈሷል። ጓንት አድርጉ፣ በጥጥ ትንሽ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ ከዚያ ይድረቅ። በመኸር ድንጋዩን ማውጣት ሁለት ደቂቃ ነው። ከጭስ አላርሙ ያወጣችሁትን መመለስ ብቻ አትርሱ።

አንድ መስመር ብቻ ጠፍቷል፣ ፊውዙ ደጋግሞ ይቃጠላል

አይጥ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የሽቦ ልባስ ትቀረጥፋለች፣ ከኋላ መብራቱ ጀርባና ከአልጋው ስር ጎጆ ትሠራለች። ፊውዝ መቀየሩን አቁሙ፣ ባትሪውንም የግድግዳውንም ኤሌክትሪክ አቋርጡና መስመሩን ተከትላችሁ ፈልጉ። የተላጠው ሽቦ ተቆርጦ በትክክል ይቀጠል፤ በቴፕ ብቻ መጠቅለል አይበቃም።

ፍግ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉ፣ በቫኩምም አትሳቡ። ከአይጥ የሚመጣው አደገኛ በሽታ፣ ሃንታቫይረስ፣ በዋናነት የሚተላለፈው አቧራው ሲተነፈስ ነው። በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ። ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና በወረቀት አንሱት። ከዚያ ገመድና ቱቦ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ከታች ተኝታችሁ በባትሪ መብራት ፈልጉ። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ለአይጥ በር ነው። ድስት መፈተጊያውን ዓይነት ቀጭን የብረት ሽቦ ጠቅጥቁበት፤ ፎም ብቻ ከሆነ ትበላዋለች።