በሰፈራችሁ የኪነት ዝግጅት ለማዘጋጀት

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ለሚኖር ሰው ቴአትር ሩቅ አይደለም። ሀገር ፍቅር ቴአትር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ ስንቱን ትውልድ አስተናግዷል። ግን ትኬት ቆርጦ ገብቶ ማየት ሌላ፣ የጎረቤት ልጅ ክራር ሲመታ ማየት ሌላ ነው። በተለይ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ስንቱ ጎረቤት ተበትኖ የሚገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆኗል። ለደስታም መገናኘት አለብን።

መጀመሪያ ዕድር ጋ ሂዱ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብርጭቆው ሁሉ እዚያ አለ፤ ደግሞም ሊቀመንበሩ ካመኑበት ሰው አይቀርም። አንድ ነገር ግን አስቡበት፦ ያን ድንኳን ሰው የሚያውቀው በሐዘን ነው። ፊቱን ክፍት አድርጋችሁ ትከሉት፣ ቄጠማ ጎዝጉዙ፣ ቡናው ቀድሞ ይፈላ። ለወረዳው ደብዳቤ ጊዜ እያለ ገቢ አስደርጉ፣ ለአካባቢው ፖሊስም አሳውቁ።

ቀኑ ጥቅምት ወይም ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ ያልፋል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ግን መቼ እንደሚገቡ አይታችሁ ወስኑ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቢያልቅ ይበቃል። አዛን ሲሰማ ድምፅ ማጉያው ይጥፋ፣ ይህን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ።

ከውጭ ድምፃዊ ለመከራየት አትቸኩሉ። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ የሚያወርደውን ልጅ ፈልጉት። እሱ መድረክ መምራት ያውቃል። በር ላይ ቆሞ የወጡትን እናት አይቶ ስማቸውን ግጥም ውስጥ ያስገባል፣ ጓደኞቹ «ሆ» እያሉ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲመቱ እሱ ቀጣዩን ስንኝ ያስባል፣ ሙልሙሉ ወይም ብሩ እስኪመጣ ድረስ አይለቅም። ይህን ችሎታ ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ ሰፈር ነው ያስተማረው። ከዚያ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ቡድን አባል የነበሩትን ጠይቁ። «እኔ አሁን አርጅቻለሁ» ማለታቸው አይቀርም። እትዬ፣ ጋሼ እያላችሁ ደጋግማችሁ ሂዱ፣ ቡና አብራችሁ ጠጡ፣ የድሮውን ፎቶ አስወጡ። አንድ ዘፈን ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል!

ማሲንቆ የሚመታ ካገኛችሁ ዋናው ሰው እሱ ነው። ተመልካቹ ቁጭ ብሎ እንዳያይ «ተቀበል!» የሚለውን ጨዋታ አስገቡ። አንዱ ከወንበሩ ተነስቶ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ዝምተኛ የምትሉት ጎረቤት ያን ቀን ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ስድብና ዘር የሚነካ ነገር እንደማይገባ ግን መድረክ መሪው ገና ሲጀመር በግልጽ ይናገር።

መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ባትሪ ያለው ስፒከር አዘጋጁ። ለማሲንቆና ለክራር መብራት አያስፈልግም፤ የማሲንቆው ክር ግን የፈረስ ጭራ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ።

ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱትን ቀድማችሁ ደውሉላቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ለመመለሻቸው ሚኒባስ ተኮናተሩ። እሑድ ጠዋት ድንኳኑን አጣጥፋችሁ፣ ብርጭቆውን ቆጥራችሁ ለዕድሩ መልሱ፣ የተሰበረም ካለ ተኩ።