የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የምናያቸው የዲዳክቲቭና የኢንዳክቲቭ ስህተቶች

ሰኔ ሲደርስ ባሕር ዳር ውስጥ የማስተርስ ጽሑፎችን አነባለሁ። ዘንድሮም ያው ስህተት ሲደጋገም አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ዲዳክቲቭ ማለት ከአጠቃላይ ሐሳብ ተነስቶ ወደ ዝርዝሩ መውረድ ነው፤ ኢንዳክቲቭ ደግሞ ከተናጠል መረጃ ተነስቶ ወደ አጠቃላይ ሐሳብ መውጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የጣናን ዓሣ ያጠናል። መነሻው ደህና ነው፦ እምቦጭ የሚባለው አረም ዳርቻውን ከሸፈነው የዓሣ ምርት ይቀንሳል። ዓሣ አስጋሪዎችን ጠየቀ፤ ምርቱ ቀንሷል አሉት። «እንግዲህ ምክንያቱ እምቦጭ ነው» ብሎ ዘጋው። አካሄዱንም ዲዳክቲቭ አለው።

አይደለም ወዳጆቼ! ዝናብ ከጣለ ግቢው ይረጥባል። ግቢው ረጥቦ ስላገኛችሁት ግን ዘንቧል ማለት አትችሉም፤ ሰው ውሃ ደፍቶበት ይሆናል። ዓሣም በብዙ ምክንያት ይቀንሳል። ላቤዎባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት የወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እንቁላል ያዘለው ዓሣ ያልቃል። ይህን ሳታጣሩ እምቦጭን ብቻ ብትከሱ፣ ነገ መረቡን መቆጣጠር የሚገባው ሰው የእናንተን ጽሑፍ አንብቦ አረም ነቀላ ብቻ ያዛል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መላምቱ ሊወድቅ የሚችልበትን ቦታ ፈልጉ። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐርም አጥብቆ የተሟገተው ለዚሁ ነው። እምቦጩ የበረታው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። እምቦጭ ባልደረሰበት በኩልስ ምርቱ እንዴት ነው? እዚያም እኩል ከቀነሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለባችሁ። ዓሣ ስለሚዘዋወር ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ግን ቢያንስ ፈትናችኋል።

ቃለ መጠይቅ ሁሉ ኢንዳክቲቭ፣ ቁጥር ሁሉ ዲዳክቲቭ አይደለም። ቃለ መጠይቅም ንድፈ ሐሳብ ይፈትናል።

«ሁለቱንም ተጠቅሜያለሁ» ካላችሁ የቱን የት እንደተጠቀማችሁ አሳዩ።

ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ውጤቱን ካሳያችሁ በኋላ መላምት ጽፋችሁ ምዕራፍ አንድ ላይ አትክተቱ። ሐሳቡ የመጣው ከመረጃው ከሆነ እንደዚያው ጻፉት። ነውር የለውም፤ ለሚቀጥለው ጥናት መነሻ ይሆናል።

ከጥቂት ናሙና ተነስቶ ስለ ሁሉም መናገርን በተመለከተ ግን ተማሪዎችን መቆጣት አልችልም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ክብራን ገብርኤል ወደሚባለው የጣና ገዳም ሄድኩ። ሴት አይገባም። ተመልሼ «የጣና ገዳማት ሴት አያስገቡም» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ወረቀቱን አስቀምጠው «ስንቱን አየህ?» አሉኝ። አንድ ብቻ ነበር። «ዘጌ ሂድ» አሉኝ። በማግስቱ በጀልባ ተሻገርኩ። እዚያ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስደርስ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር።